ከሱዩዌ ጀርባ የተቀዳ ውሃ

ቡዳይ፣ በጨረቃ አቆጣጠር ስድስተኛው ወር፣ ሃያ ሁለት

ለልጄ ለፔይዪን፣

እንደምን ሰነበትሽ አልልሽም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ የጠረቀምሽው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ካንቺ ጋር በስልክ አላወራም። ወረቀት አይጠረቀምም። ባይጥምሽ ቀደሽ ጣይው፤ እኔ ግን የምለውን ብዬ ጨርሻለሁ።

እናትሽ ደህና ናት ወይ ብለሽ ነበር። ደህና ናት። ጀርባዋ ላይ የወጓት ቦታ ጠግጓል። ሁለት ጊዜ ወጓት እኮ ፔይዪን! ሁለት ጊዜ በጎኗ አስተኝተው፣ ጉልበትሽን ወደ ደረትሽ አስጠጊ እያሉ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ እየሰማሁ። መጀመሪያ ከጀርባዋ የቀዱትን ውሃ “ደም ገብቶበታል፣ አይነበብም” አልሽ። እሺ፣ መርፌው ደም ሥር ነካ፣ ምን ይደረግ። ሁለተኛውስ? ሁለተኛው ኩልል ያለ ነበር፤ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ታዲያ የት ገባ? ጠጣሽው?

የቺያዪው ሆስፒታል ሐኪም “ጭንቅላቷ ውስጥ ጥላ አለ፣ አጥንቱን በስተን ቁራጭ እናውጣና ምን እንደሆነ እንወቅ” ሲል ማን ነበር የከለከለው? “አባዬ፣ እማዬን አትብሷት፣ ከጀርባዋ ጥቂት ፈሳሽ ብቻ ስጡኝ፣ እኛ ላብራቶሪ ከጠብታ ውስጥ ማንበብ እንችላለን” ያልሽው አንቺ ነሽ። አምኜሽ ሐኪሙን እንቢ አልኩት። ይኸው አሁን እሱም አኩርፎኛል፣ አንቺም ዝም ብለሽኛል።

ለእሷ የነገርናት አሁንም ያው ነው፤ የአንገት ነርቭ። እንዳታበላሺው።

አባትሽ ሆው ጂንሹዊ

ታይፔ፣ ጁላይ 30

ለማከብርህ አባቴ፣

ስልኩን ስለዘጋሁብህ ይቅርታ። ይቅርታውን ከላይ ያስቀመጥኩት ከታች ስለማይኖር ነው።

“ጠጣሽው” ብለህ ስትጽፍ ትንሽ አላፈርክም? ምን ያህል እንደደረሰኝ ታውቃለህ? ሐኪሞቹ ለራሳቸው ምርመራ ተካፍለውት የተረፈኝ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እኔ የምፈልገው ደግሞ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባል ነገር ነው። ሴሎች የሚልኳት ቁራጭ መልእክት በላት። ዕጢ ሲኖር አንዳንዶቹ መልእክቶች ይበዛሉ። ደም ውስጥ እንደ ገበያ ይተራመሳሉ፤ የጀርባ ፈሳሽ ውስጥ ግን ከቁጥር አይገቡም። ለዚህ ነው አንዲት የደም ጠብታ ስትገባበት የሚበላሸው። የደሙ መልእክት ይጎርፍበትና የጭንቅላቷ አይሰማም። ሆን ብዬ ያበላሸሁት አታስመስለው።

እንዴት እንደምሠራውም ጠይቀኸኛል፣ በስድብም ቢሆን። ፈሳሹን በኃይል አሽከርክሬ ሴሎቹን አስወግዳለሁ። ከዚያ ሰው ውስጥ የሌለ፣ የትል መልእክት አውቄ እጨምርበታለሁ። መጨረሻ ላይ የትሉ ከተነበበ መንገድ ላይ ምንም አልጠፋም ማለት ነው፤ ካልተነበበ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ መልእክቶቹን ለይቼ አወጣለሁ፤ ማሽን ደጋግሞ ያባዛቸውና ይለካቸዋል። አንዲት ጠብታ ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ተጣብቃ ብትቀርብኝ ከእማዬ ላይ የቆረስኩ ያህል ነው የሚሰማኝ።

እዚህ ደግሞ የላብራቶሪው አለቃ ፕሮፌሰር ጇንግ አለልህ። እማዬን ታካሚ ሃያ ሦስት ነው የሚላት። “ይህ ናሙና ደካማ ነው፣ ከጥናቱ እናውጣውና የቀረውን ለአዲሱ የምርመራ ኪት መሞከሪያ እናድርገው” አለኝ፣ ዳቦውን እያኘከ። እናቴ ናት አልኩት። “እንዲያውም እናትሽ ከሆነች አንቺ መንካትም አልነበረብሽም” አለኝ። ብልቃጧን ከፍሪዘሩ ጥግ፣ ከሰው ዕቃ ጀርባ ሸሽጌያታለሁ። ማሽኑም ላይ አዲስ አረንጓዴ የብስኩት ከረጢት አድርጌለታለሁ፣ የድሮው ጊዜው አልፎበት ነበርና።

ውጤቱ ገና ነው። ስትጮህብኝ አይፈጥንም።

ፔይዪን

ቡዳይ፣ ስድስተኛው ጨረቃ፣ ሃያ ዘጠኝ

ለተማረችው ልጄ፣

አረንጓዴ ከረጢት አልሽ? ወይ ጉድ! ያን ሁሉ ዲግሪ የጫናችሁ ሰዎች ማሽኑ ጨዋ እንዲሆንላችሁ የልጆች የበቆሎ ብስኩት አናቱ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ቢጫ ሲሆን ይበላሻል፣ አረንጓዴ ሲሆን ይሠራል! ከዚያ እኔን “አባዬ አጉል እምነት አለበት” ትሉኛላችሁ። ይህን ደብዳቤ ለፕሮፌሰርሽ አንብቢለት።

አሁን ቁጭ ብለሽ ስሚ። ትናንት እናትሽን ቺያዪ ወስጄ የጭንቅላት ፎቶ አስነሳኋት። ጥላው በግማሽ አንሷል! ሐኪሙ የድሮውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጎ ራሱን ሲያክ ነበር። እኔ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ዛሬ ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጣ ኦይስተር ከዛጎሉ ስትፈለፍል አረፈደች፤ ቢላዋው አንድ ጊዜም ከእጇ አልወደቀም። ጎረቤታችንን እትዬ ትሳይን “አንቺ ዛጎሉን ትፈለፍያለሽ ወይስ ታባብይዋለሽ?” ብላ ሰደበቻት፣ መጋዘኑ በሙሉ ሳቀ። ሩዝ ትደግማለች። ጉንጯ ሞልቶ እንደ ጨረቃ ክብ ሆኗል። እንቅልፍ ብቻ እንቢ ብሏታል፤ ሰው ሁሉ ተኝቶ ወለል ትወለውላለች። ትወልውል! ባለፈው ወር የእኔ ስም ጠፍቷት ነበር እኮ።

በእትዬ ትሳይ ስልክ የላክሽው ጥያቄ ደርሶኛል። ሚስቴን ምን እንዳጎረስኳት የምትመረምሪኝ ፖሊስ ነሽ? ግን እነግርሻለሁ፤ አላፍርበትም። የመምህር ሊያንግን ዱቄት ነው። ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ላይ የሚያወራው፣ እኛ በምንናገረው ቋንቋ፣ እንደናንተ አፉን ሳያጣምም። ከመጀመሪያው መወጋት በኋላ አስመጣሁላት፤ ከሥርና ከቅጠል የተፈጨ ነው፣ በየማለዳው አንድ ማንኪያ። ስደውልለት ራሱ አንስቶ “ባለቤትህ እንዴት ዋለች ወንድሜ?” ይለኛል። አንቺ ስደውልልሽ ማሽን ላይ ነኝ ትይኛለሽ።

እና ካንሰርሽ የታለ? እስቲ አሁን ጠብታሽን አንብቢና ንገሪኝ።

አባትሽ

ታይፔ፣ ኦገስት 6

አባዬ፣

ሰላምታ የለኝም። ደብዳቤህን ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። “ጉንጯ እንደ ጨረቃ ክብ ሆኗል” የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። አንተ ወፈረችልኝ ብለህ ደስ ብሎሃል። ጉንጭ እንዲህ የሚያስነፋው፣ እንቅልፍ የሚነሳው፣ ሩዝ የሚያስደግመው ምን እንደሆነ የትኛውንም ሐኪም ጠይቅ። ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ነው! መምህርህ ሥሩና ቅጠሉ ውስጥ ስቴሮይድ ፈጭቶ ከትቶበታል። ስንቱ ሽማግሌ ነው በእንዲህ ያለ ዱቄት ኩላሊቱን የጨረሰው? ዜና ላይ ሲነገር “እነዚህ ሞኞች” እያልክ ትስቅ አልነበር?

እንግዲህ የደበቅኩህን ልንገርህ። የሁለተኛው ፈሳሽ ውጤት ከደረሰ ሰንብቷል። ባዶ ነው። የትሉ መልእክት በትክክል ተነቧል፤ ስለዚህ እጄም ማሽኑም አላጠፉም። ከእማዬ ግን ምንም የለም። ጇንግ በሰው ፊት “ወይ ዕጢ የለም ወይ ዘዴሽ አይሠራም፣ አንዱን ምረጪ” አለኝ። ፎቶው ላይ ዕጢ አይቼ ምን ልምረጥ? ላንተ ልነግርህ ፈራሁ። የጠብታ መምጠጫዬን ፒፔቱን ስለካ፣ ኬሚካል ስቀይር፣ በማላውቀው ነገር ራሴን ስረግም ከረምኩ። ለካ ነገሩ ሁሉ ያለው አንተ ማንኪያ ላይ ነው! አንጀቴ አርሯል አባዬ።

ስማኝ። እኛ የምንጠረጥረው የዕጢ ዓይነት በስቴሮይድ ይሟሟል። ፎቶ ላይ ይጠፋል፤ ፈሳሹ ውስጥ ዝም ይላል፤ ሐኪሙ አጥንቷን ቢበሳ እንኳ ቁራጩ ላይ የሚያየው ነገር የለም። አልዳነችም። ተደብቋል እንጂ አልሄደም፣ ቆይቶ ደግሞ ብሶበት ነው የሚመለሰው። መድኃኒት አለው፤ በደም ሥር የሚሰጥ፣ ብዙ ሰው ያዳነ። ግን ያ ዕጢ መሆኑን ሳያረጋግጡ ማንም አይጀምርላትም። ያጠፋህብኝ ማረጋገጫውን ነው፣ ገባህ?

ያንን ቆሻሻ ጣለው! ባሕር ውስጥ ጨምረው፣ ዓሣ ይብላው! ለምርመራ ቁንጥር በፖስታ ላክልኝና የቀረውን ዛሬውኑ ጣል። ምን ቆርጦህ ነው እኔን ሳትጠይቅ እናቴ አፍ ውስጥ የምትጨምረው?

ፔይዪን

ቡዳይ፣ ሰባተኛው ጨረቃ፣ ስምንት

ለክብርት ዶክተር ሆው ፔይዪን፣

ጣል አልሽ፣ ጣልኩ። ልጅ ሲያዘኝ ስታዘዝ የመጀመሪያዬ ነው። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ጣሳውን ይዤ ኦይስተሮቹ በገመድ እስከታሰሩበት ባሕር ድረስ በጀልባ ሄጄ ዘረገፍኩት። ቁንጥሩ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ነው። ደስ አለሽ?

እኔን ሳትጠይቅ ብለሻል። ማንን ልጠይቅ? አንቺን ስጠይቅሽ ገና ነው አልሽኝ። ውጤቱ እጅሽ ላይ እያለ ገና ነው! ያ ሰውዬ ሌባ ይሁን እሺ፣ ሌባ ነው፤ ግን ስደውልለት ያነሳል። እናንተ ሐቀኞቹ አታነሱም። እዚህ ሰው ለምን ሬዲዮ እንደሚያምን ገርሞሽ ከሆነ መልሱ ይኸው ነው።

እናትሽ ከትናንት ጀምሮ ታስመልሳለች። ብድግ ስትል ትወድቃለች፣ እግሯ ቀዝቅዟል። ሙቀቱ ነው መሰለኝ፤ ዘንድሮ ሙቀቱ አይጣል ነው። ሆስፒታል ውሰዳት እንዳትይኝ። ሰባተኛው ጨረቃ ገብቷል፣ የሙታኑ በር ተከፍቷል፤ በዚህ ወር ታማሚ ከቤት አላወጣም። ቀጭን የሩዝ ገንፎ እየሰጠኋት ነው። ሲሻላት እጽፍልሻለሁ።

አባትሽ

ታይፔ፣ ኦገስት 14

አባዬ፣

አምቡላንሱን የላክሁት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ቆመህ በዚህ ወር አትወጣም እያልክ ስትሳደብ እንደነበር እትዬ ትሳይ ነግራኛለች። እሷ ገፍትራህ ባታስገባቸው ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነገር ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሲሻላት ልትጽፍልኝ አትጠብቅ፤ ስልኩን አንሳና ደውል!

ዱቄቱ ውስጥ ስቴሮይድ አለ፣ ተረጋግጧል። እንዲህ ያለ ነገር ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ መሥራት ይተዋል፤ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ሰው ይወድቃል። ጥቂት በጥቂት፣ በሐኪም ነው የሚቀነሰው። ይህን አንተ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ። እያወቅኩ ጣለው አልኩህ፣ ደሜ ፈልቶ ስለነበር። ከዚህ በላይ ስለዚህ አልጽፍም፤ ራሴን መስደብ ከጀመርኩ አላቆምም።

“እናቷ ወድቃ እሷ ላብራቶሪ” ማለትህንም ሰምቻለሁ። አዎ፣ ላብራቶሪ ነበርኩ። የቀረችኝ ከሁለተኛው ፈሳሽ አንዲት ጠብታ ናት። የተለመደው ማሽን መልእክቱ ሲያንስ አያይም። ሌላ ዘዴ አለ፤ ፈሳሹን ዘይት ውስጥ በሺዎች ወደሚቆጠሩ ጥቃቅን ጠብታዎች ይበትነዋል። እያንዳንዷ ለብቻዋ ትባዛለች፤ መልእክት ያለባት ትበራለች፣ የሌለባት ትጨልማለች። የበሩትን መቁጠር ነው። ጣጣው፣ ያለችኝን በሙሉ ይጨርሳል፤ ካልሠራ የሚደገም የለም። ጇንግ አልፈቀደም። ሳይፈቅድ ሠራሁት።

ጠብታዎቹ በሩ አባዬ። ብዙ አይደሉም፣ እዚህም እዚያም ነው። ግን ዕጢው ሲኖር የሚበዙት እነዚያው ናቸው። የደም መልእክት የለባቸውም፤ ለማነጻጸር ንጹሕ ውሃ ያስገባሁበትም ጨለማ ነው። ዕጢው ከዱቄትህ ሥር ሆኖ እየተናገረ ነበር። ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ጓጉቼለት የኖርኩት ነገር ተሳክቶልኝ፣ የተሳካልኝ ደግሞ እናቴ ካንሰር እንዳለባት ነው። ጇንግ መጥቶ ጮኸብኝ፣ ከዚያ ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ እንደገና ጮኸብኝ።

የቺያዪዋ አዲሷ ሐኪም በዚህ ብቻ መድኃኒት አልጀምርም አለች፤ ልክ ናት። የዱቄቱ ኃይል ሲወጣላት አንድ ጊዜ ደግማ ከጀርባዋ ትቀዳለች፣ የዕጢውን ሴሎች በዓይኗ ለማየት። ካላገኘች ያኔ አጥንቱ ይበሳል። ለዚህ እማዬ መስማማት አለባት፤ ለመስማማት ደግሞ ማወቅ አለባት። የአንገት ነርቭ ይብቃን። ንገራት። ዛሬ ንገራት።

ፔይዪን

ቡዳይ፣ ሰባተኛው ጨረቃ፣ አሥራ አምስት

ፔይዪን፣

አልነግራትም።

ዛሬ የሙታን ድግስ ነው። ደጃፍ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ ዶሮውን፣ ፍራፍሬውን፣ ሩዙን ደረደርኩ። ሌላ ጊዜ እሷ ነበረች የምትደረድረው፤ የዶሮው ራስ ወዴት መዞር እንዳለበት እንኳ አላውቅም፣ እትዬ ትሳይ መጥታ እየሳቀችብኝ አዞረችው። ሰፈሩ ሁሉ ለሙታን እየጋበዘ፣ እኔ ሄጄ ሚስቴን ካንሰር ነው ልበላት? አባቴ ለእናቴ አልነገራትም። ሳታውቅ ተኝታ ሞተች። በሰላም።

ከዚያ ሆስፒታል ሄድኩ። “ጂንሹዊ፣ ምን ሆኛለሁ?” አለችኝ። ሙቀት ነው አልኳት። አየችኝ። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ደግሜ ሙቀት ነው አልኩና ሙዝ ላጥኩላት።

ሦስተኛ ጊዜ እንዲወጓት አልፈርምም፣ ቢያንስ ይህ ወር ሳይወጣ። ባሏ እኔ ነኝ። አንቺ ደፋር ከሆንሽ ነይና ንገሪያት፤ እኔን አፌ እንቢ ብሎኛል። ፈሪ በይኝ፣ ችግር የለውም። ሬዲዮውን ሰብሬዋለሁ። ሊያንግ ደውሎ “ዱቄቱ አልቆ ይሆን ወንድሜ?” አለኝ። ያልኩትን እዚህ ላይ አልጽፈውም።

አባትሽ

ቺያዪ፣ ከሆስፒታሉ ስድስተኛ ፎቅ

ለጂንሹዊ እና ለፔይዪን፣

ይህን ሁለት ቅጂ አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ አንዳችሁ ለሌላው አንብባችሁ እንዳታጣምሙት። ፊደሌ የተንጋደደው እጄ እንደገና ስለሰነፈ ነው፤ እየታገላችሁ አንብቡ።

ጂንሹዊ፣ ትናንት የልጅቷን ደብዳቤዎች ብርድ ልብሴ ላይ አስቀመጥክና ሲጋራ ላጭስ ብለህ ወጣህ። ሲጋራ ካቆምክ ስንት ዓመትህ ነው? ሁሉንም አነበብኩ። አንተ የጻፍከውን አላየሁም፤ ግን እሷ ከምትመልሰው ምን እንዳልክ አንድም አልጠፋኝም። ያንተን ስድብ እኔ ነኝ የማውቀው።

የአንገት ነርቭ! ሁለታችሁም ዓይናችሁን በጨው አጥባችሁ የአንገት ነርቭ አላችሁኝ። እኔም አንገቴን በቅባት ሳሽ ከረምኩ። ስንት ጠርሙስ ቅባት! ቢላዋ ከእጄ ሲወድቅ፣ የልጄ ስም ሲጠፋብኝ፣ አብጃለሁ ብዬ በልቤ ይዤው ነበር። ብቻዬን። እናንተ ስሙን ታውቁት ነበር።

ዱቄቱን እኔም ወድጄ ነው የወሰድኩት፣ በሱ አልቆጣም። የምቆጣው በሌላ ነው። እጄ ሲመለስልኝ ድኛለሁ ብዬ ለመጋዘኑ በሙሉ አወራሁ። ለእትዬ ትሳይ ድግስ እደግሳለሁ አልኳት። አንተ አጠገቤ ቆመህ ትስቅ ነበር ጂንሹዊ። አንቺም ፔይዪን፣ ያን ሰሞን ደውዬልሽ እጄ ተሻለኝ ስልሽ “እሰይ እማዬ” አልሽኝ፣ ባዶውን ውጤት ይዘሽ። ይህን አልረሳላችሁም። እንዳትለማመጡኝ።

እናቴ በሰላም ሞተች ማለት ልማድህ ነው። ፔይዪን ከጠየቀችህ ንገራት። ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ሌሊት ሌሊት እጄን ይዛ “ምራቴ፣ ምን ደብቃችሁኛል?” ትለኝ ነበር። እንቅልፍ ነው የምትለው አንተ በር ላይ ስለነበርክ ነው።

ዛሬ ሐኪሟን ራሴ ጠራኋት። “ባሌን ተይውና እኔን አናግሪኝ” አልኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ልጅ ናት፣ ደግሞም አታጭበረብርም። ሁሉንም ነገረችኝ። የልጄን ጠብታዎች ሥዕል ሳይቀር አሳየችኝ፤ የበሩትን። የኔ ናቸው? አልኳት። የርስዎ ናቸው አለች። ቆንጆ ናቸው፣ መጥፎ ነገር አይመስሉም። መድኃኒቱ ሊያድነኝም ላያድነኝም እንደሚችል፣ ፀጉሬን እንደሚያረግፍ፣ ካላገኙት ደግሞ አጥንቴን እንደሚበሱት ነገረችኝ። ፈራሁ። ብዙ ነው የፈራሁት። ግን የምፈራውን ነገር ሳውቀው የመጀመሪያዬ ስለሆነ ዛሬ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ፈርሜያለሁ። በሚመጣው ሳምንት ይወጉኛል። የሙታን ወር ነው እንዳትለኝ፤ የሚፈልጉኝ ከሆነ ስድስተኛ ፎቅ ይምጡ።

የሚወጋው የኔ ጀርባ ነው። ከእንግዲህ ስለሱ ማንም ከማንም ጋር ሲጻጻፍ አልሰማ። መርፌው ሲገባ ግን የሰው እጅ መያዝ እፈልጋለሁ። ነርሷ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው ብላኛለች። ማን እንደሚገባ ተጣልታችሁ ወስኑ።

ሱዩዌ